ፊደላቱን መልሰው ስላሳነሱልኝ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን የመረጃ ሥርዓት ክፍል ኃላፊ
ሦስተኛ ፎቅ

ጉዳዩ፦ የኮምፒውተሬን ማጉያ ስለ መቆለፍዎና የስልኬን ማጉያ ስለ መክሰስዎ ልባዊ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ለመላ አካላትዎ ጤና፣ በተለይም ለሁለቱ ዓይኖችዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። ዓይን ሲደክም ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ፣ የደከመ ዓይን በዚህ ሆስፒታል ውስጥ ምን እንደሚገጥመውም ቀምሼዋለሁ፤ ስለዚህ ይህ ዕጣ እርስዎን እንዳያገኝዎ የምጸልየው ከልቤ ነው፤ ቢያገኝዎ የሚቆሙት ከራስዎ መመሪያ ፊት ነውና።

እኔ ከዋናው በር በስተግራ ባለው ካርድ ክፍል፣ ሁለተኛው መስኮት ላይ ተቀምጬ የሕሙማንን ስም የምመዘግበውና ካርዳቸውን የማወጣው ሴት ነኝ። ካርድ የምንለው ዛሬ ወረቀት መሆኑ ቀርቶ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ መዝገብ ነው፤ የቀረን ስሙ ብቻ ነው። በአጠገቤ ሲያልፉ ሰላምታዎን ወደ ጆሮዎ እያየሁ የምመልስልዎም እኔው ነኝ። ንቀት እንዳይመስልዎ እለምናለሁ። የዓይኔ መሃል ደብዝዟል፣ ዳር ዳሩ ግን ደህና ነው፤ የሰውን ፊት በቀጥታ ሳየው ስለሚጠፋብኝ ፊትዎን ለማየት ጆሮዎን ማየት ግድ ይለኛል። በዚህ የተነሣ አንዳንዱ ባለጉዳይ "ይቺ ሴትዮ ምን አድርጌያት ነው የምትገላምጠኝ?" እያለ ያማኛል፣ ባለቤቴ ደግሞ ከተጋባን ጀምሮ እንዳሁኑ በፍቅር ጆሮዬን አይተሽው አታውቂም እያለ ይቀልድብኛል።

ያም ሆኖ ለዓመታት ሥራዬን ስሠራ የኖርኩት በኮምፒውተሩ ማጉያ ነው። ማጉያው ከውጭ የመጣ ባዕድ ዕቃ አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ ሲገዛ አብሮት የመጣ፣ ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ የሚነሣ፣ ሆስፒታሉን ሰባራ ሳንቲም የማያስወጣ ነገር ነበር። ሲነሣ ፊደላቱ አውራ ጣት ያህላሉ። ገነት ነበር ብዬ ግን አልዋሽዎትም። በማጉያ መሥራት ሰፊ አዳራሽን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው፤ የታማሚው ስም ሲገባ የአባቱ ስም ከስክሪኑ ይወጣል፣ የአባቱን ስም ስደርስበት ዕድሜው ያመልጠኛል፣ ዕድሜውን አባርሬ ስይዝ ስሙን ረስቼዋለሁ። ከሁሉ የሚብሰው "እርግጠኛ ነዎት?" የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ የሚወጣው እኔ በሌለሁበት መሆኑ ነው። እኔ በቀኝ ግርጌ ጥግ ሆኜ ማሽኑን ስጠብቅ፣ ማሽኑ መሃል ላይ ሆኖ እኔን ሲጠብቅ፣ ሰልፉ ደግሞ ሁለታችንንም ሲጠብቅ ስንት ጊዜ አርፍደናል። ቢሆንም የእያንዳንዱን ቁልፍ መኖሪያ እንደ ጎረቤቶቼ በር ለይቼ አወቅኩት፣ ሥራውም ሄደ፣ እኔም ደስ ብሎኝ እሠራ ነበር።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ "ወጥ ገጽታ" መመሪያዎ አመሰግናለሁ። አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ሁለቱን ቁልፎች ስጫን፣ ፊደላቱ በማደግ ፈንታ አንዲት ትንሽ ማስታወቂያ ብቅ አለች። ማንበቢያዬ መቆለፉን የምትነግረኝ ማስታወቂያ ስለነበረች ያለ ማንበቢያዬ ላነባት አልቻልኩም፤ የአንደኛው መስኮት ባልደረባዬ ተንጠራርቶ አገልግሎቱ በአስተዳዳሪው ተዘግቷል እንደምትል ነገረኝ። ኋላ በተበተነው መመሪያ እንደተረዳነው፣ ጎብኚዎች በአዳራሹ ሲያልፉ የአንዱ ስክሪን ፊደል ገዝፎ የሌላው አንሶ ቢታይ የተቋሙን መልክ ስለሚያበላሽ፣ ከበሩ እስከ መጨረሻው መስኮት ያሉት ስክሪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት መምሰል ነበረባቸው። ይኸው መስለዋል። ጎብኚዎቹም መጥተው፣ ከኋላችን ቆመው ፎቶ ተነሥተው ተመልሰዋል። በፎቶው ላይ እኔ ስክሪኔን በታላቅ ትኩረት ስመለከት እታያለሁ አሉ። ምንም አይታየኝም ነበር።

ሁለተኛ፣ አቤቱታ ማቅረቢያውን ስላዘጋጁልኝ አመሰግናለሁ። ማጉያው እንዲከፈትልኝ ብጠይቅ፣ ጥያቄው የሚቀርበው በዚያው በኮምፒውተሩ ውስጥ ባለ ገጽ ብቻ ነው ተባልኩ። ገጹ የዝንብ እግር በሚያህሉ ግራጫ ፊደላት የተጻፈ ነው፤ ትንሽ ከዘገዩበትም ለደኅንነትዎ ሲባል ራሱን ይዘጋል። እኔ ደግሞ ከመዘግየት ሌላ ችግር የለብኝም። ባልደረባዬ በምሳ ሰዓቱ እያነበበልኝ መጨረሻው ላይ ስንደርስ "ችግሩን የሚያሳይ የስክሪን ፎቶ ያያይዙ" የሚል መጣ። የስክሪኔን ፎቶ አንሥተን ላክን። ከክፍልዎ የመጣው ምላሽ ፈጣን ነበር፤ ምስሉን ተመልክተነዋል፣ ፊደላቱ በግልጽ ይነበባሉ፣ ጥያቄዎ ተዘግቷል ይላል። ክቡር ሆይ፣ በእርግጥም ይነበባሉ። ችግሩ ያለው ዓይኔ ውስጥ ስለሆነ የስክሪን ፎቶ ላይ አይወጣም፤ ዓይኔን ነቅዬ የማያያይዝበት ቦታ ደግሞ ገጹ ላይ አላገኘሁም።

በዚህ ተስፋ ሳልቆርጥ ቢሮዎ ድረስ ወጥቼ ደጅ በጠናሁ ጊዜም በትሕትና ተቀብለው ያስተናገዱኝን አልረሳም። ለአንድ ሰው ተብሎ ሥርዓት አይፈርስም ካሉኝ በኋላ፣ ወደ ስክሪኑ ቀረብ ብዬ እንድሠራ መከሩኝ። ምክርዎን ተቀብዬ ቀረብኩ። አፍንጫዬ መስታወቱን እስኪነካ ቀረብኩ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ በየጠዋቱ የአፍንጫዬን አሻራ ከስክሪኑ ላይ ስትወለውል እኔን ከመመረቅ ተቆጥባ አታውቅም፤ ምርቃቱን ግን እዚህ ልደግመው አልችልም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ እየቀለድኩ ልጽፈው የማልችለው ነው። አንዲት እናት ጡት የሚጠባ ልጇን ታቅፋ መጣች። ትኩሳት ነበረው። የካርዱን ቁጥር ነገረችኝ፣ አፍንጫዬን አስጠግቼ ጻፍኩ፣ ስክሪኑ ላይ የጻፍኩት መጨረሻው 3 ይሁን 8 መለየት አቅቶኝ ነበርና ይሆናል ባልኩት ካርዱን ከፈትኩ፣ ወደ ሕፃናት ክፍልም አስተላለፍኩ። እዚያ ነርሷ ልጁን ሚዛን ላይ አስቀምጣ ካርዱን ብታየው፣ ያለፈው ጊዜ ክብደቱ የአንድ ሙሉ ሰው ሆኖ፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ታዞለት አገኘችው። የአንድ ሽማግሌ ካርድ ነበር። ነርሷ ሕፃኑን ይዛ ወደ መስኮቴ መጣችና "እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጁ ጡረታ ወጥቷል!" አለችኝ። ሰልፉ ሳቀ፣ እናቲቱም ሳቀች፣ እኔም ላለመነጠል አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ነርሷ ባታየውስ? ስትሠራ ውላ ደክሟት ቢሆንስ? በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ፍርሃቱ እስካሁን አለቀቀኝም።

ይህንኑ ለአለቃዬ ሳመለክት፣ አለቃዬም ወደ እርስዎ ሲያመለክቱ፣ የመጣው መፍትሔ በጽሑፍ ሳይሆን በቃል ነበር፤ የአንደኛው መስኮት ባልደረባዬ ያንብብላት ተባለ። ባልደረባዬን ሁላችንም ሬዲዮ ብለን ነው የምንጠራው። ልበ ቀና ሰው ነው፣ ምሳውን አካፍሎ የሚበላ፣ ሰው ሲቸገር ማየት የማይወድ፤ ብቻ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አልፈጠረበትም። በመካከላችን መስታወት ስላለ ደግሞ እኔን ለማሰማት ጭራሽ ከፍ ያደርገዋል። ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላ አንድ ሰው መጣ። ቆብ አድርጓል፣ የሚናገረውም በሹክሹክታ ነበር። ቁጥሩን ተቀብዬ ወደ ሬዲዮ ዞር አልኩ። ሬዲዮም የሰውየውን ስም እስከ አያቱ፣ ቀጥሎም ሰውየው ከሐኪሙ በቀር ማንም እንዲያውቅበት የማይፈልገውን በሽታ፣ ቀጥሎም የሚወስደውን መድኃኒት አንድ በአንድ አነበበልኝ። ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት "ውይ፣ የእኛ ሰፈሩ ልጅ!" ስትል ሰማሁ። ሰውየው ቆቡን ወደ ግንባሩ ሳብ አድርጎ በበሩ ወጥቶ ሄደ። ቀደም ብዬ እንደነገርኩዎ የዓይኔ ዳር ደህና ነው፤ መውጣቱን ከማንም አጥርቼ ያየሁት እኔ ነኝ። ካርዱን ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እከፍተዋለሁ። ተመልሶ አልመጣም፣ መድኃኒቱንም አልወሰደም።

ሬዲዮ የዚያን ቀን ምሳውን አልበላም። እኔም ከዚያ በኋላ አንብብልኝ ብዬው አላውቅም።

የሚቀጥለው አራተኛ ይሁን አምስተኛ አላውቅም፤ ይህን የምጽፈው ቤቴ ሆኜ በራሴ ማጉያ ስለሆነ የቀደመው ተራ ቁጥር ከስክሪኔ ከወጣ ቆይቷል፣ ተመልሼ እንዳላየው መንገዱ ሩቅ ነው። ብቻ ስለ ስልኬ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ቤት ገብቼ የሆነውን ሳወራ ሴት ልጄ ስልኬን ተቀብላ አንድ ነገር ከፈተችልኝና "እማዬ፣ ይሄ እኮ ድሮም ስልክሽ ውስጥ ነበር" አለችኝ። ካሜራው የሚያየውን ሁሉ አጉልቶ፣ ቢፈልጉ ጥቁር ላይ ነጭ አድርጎ የሚያሳይ ማጉያ ነው። ፎቶ አያነሣም፣ አያስቀምጥም። ልክ እንደ መስታወት ነው፤ ዞር ሲሉ ምስሉም አብሮ ይጠፋል። በማግስቱ በግራ እጄ ስልኬን ወደ ስክሪኑ ደቅኜ በቀኜ ማውሱን ይዤ ሠራሁ። ክንዴ ዝሎ ማታ ማንኪያ ማንሣት አቃተኝ። ነገር ግን ሕፃኑ ሕፃን፣ ሽማግሌውም ሽማግሌ ሆኖ ወደየክፍሉ ሄደ፣ የማንም በሽታ ከመስኮቴ አልወጣም። ያን ሳምንት እንቅልፍ ተኛሁ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ተከሰስኩ። "የሕሙማንን ምስጢራዊ መረጃ በግል ስልክ በመቅረጽ" ይላል ክሱ። ሌሎች በየመስኮቱ ስልካቸውን ከጠረጴዛ ሥር ይዘው ሲሳሳቁ ይውላሉ፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ እኔ ስልኬን ከጠረጴዛ በላይ አድርጌ ሥራ በመሥራቴ ታየሁ። ማስረጃው በአዳራሹ ጣሪያ ላይ ያለው ካሜራ የቀረጸው ምስል ሲሆን፣ ከርቀት የተነሣ ስለሆነ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው አባላት በደንብ አልታያቸው አለ፤ በዚህ ጊዜ ከክፍልዎ የመጣው ባለሙያ ሁለት ቁልፎች ጫን አድርጎ እጄንና ስልኬን ግድግዳውን እስኪሞሉ ድረስ አጎላቸው። ክቡር ሆይ፣ በዚያች ቅጽበት በመከሰሴ ሳይሆን በደስታ ላለቅስ ነበር። ማጉያው ለካ አለ! ይሠራል! ማየት ላቃታቸው ሰዎች ሲባል በአንድ አፍታ ተከፈተ፣ ማመልከቻም አልተጠየቀበትም፣ የስክሪን ፎቶም አያይዙ አልተባሉም።

ስልኬን ፈትሹት ብዬ ሰጠኋቸው። ፈተሹት። የልጄን የምረቃ ፎቶዎችና ብዙ የአውቶቡስ ግንባሮች አገኙ፤ አውቶቡስ ሲመጣ ቁጥሩን አንብቤ ስለማልደርስ ፎቶ አንሥቼ አጉልቼ ነው የማየው። የታማሚ መረጃ አንድም የለም። ሰብሳቢው ግን አጥፍታው ይሆናል አሉ። ላጠፋሁት ነገር ማስረጃ አለመገኘቱ ማጥፋቴን ያሳያል ማለታቸው መሰለኝ።

የሰው ሀብት ኃላፊዋም በጣም ደግ ናቸው። ነገሩ ሳይካረር በስምምነት እንዲያልቅ ብለው ወደ ምድር ቤት እንድዛወር ሐሳብ አቀረቡልኝ። አሮጌ የወረቀት ካርዶች የተከማቹበት ክፍል ነው፤ መስኮት የለውም፣ ሰልፍም ሰውም አይመጣበትም። "ዓይንሽም ያርፋል" አሉኝ። ወርጄ አየሁት። በሩን ከውስጥ ስዘጋው ያለሁበት ክፍል ምን ያህል እንደሆነ እንኳ ለማወቅ ግድግዳውን መዳበስ ነበረብኝ። ለካ ከሰው ፊት ሁሉ የሚቀረኝ ጆሮ ቢሆንም እንኳ ያንን ጆሮ እወደው ኖሯል።

ዞሬ ዞሬ የማገኘው ያንኑ ግድግዳ ነው። ኮምፒውተሩን ልጠቀም ብል ተቆልፏል። ክፈቱልኝ ብል ችግርሽ አይታየንም ይሉኛል። ሳላይ ብሠራ ሕፃን እገድላለሁ። ሰው ያንብብልኝ ብል ሰው አዋርዳለሁ። ስልኬን ባነሣ ወንጀለኛ ነኝ። ዝም ብል ምድር ቤት እወርዳለሁ። ክቡር ሆይ፣ መውጫ አጥቻለሁ፤ ይህን ያለ ምንም ጨዋታ ነው የምነግርዎ። ጠዋት ወደ ሥራ ስመጣ ከበሩ ላይ መመለስ ያምረኛል፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው ሥራዬ ላይ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ፤ እርስዎ ለአንድ ቀን እንግዳ ዓይን ብለው ለዘወትር ሕመምተኛ የምትሠራን ዓይን ጣሉ።

ምስጢር አውጥተሻል ለሚለው ክስ ግን መልስ አለኝ። በእኔ መስኮት የወጣ ምስጢር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የወጣው በስልክ ሳይሆን በእርስዎ የቃል ትእዛዝ መሠረት፣ በመላው አዳራሽ ፊት ነው። ኮሚቴው ምስክር አምጪ ብሎኛል። ምስክሬ ያ ሰውዬ ነው። አድራሻው ካርዱ ላይ አለ፣ ፊደሉም ለእርስዎ በግልጽ ይነበባል። ሰው ልከው ያስፈልጉልኝ፤ ሲያገኙት ግን ለምስክርነት ከመጥራትዎ በፊት መድኃኒቱን እንዲሰጡት አደራ እላለሁ።

የምለምነው ሁለት ቁልፎች እንዲከፈቱልኝ ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ እንደ ወጥነቱ ይያዙት።

የዘወትር አክብሮቴ ሳይጓደል፣ ከተቀመጥኩበት ወንበር ሳልነቃነቅ፣ ጆሮዎን እያየሁ በታላቅ ትሕትና እጅ የምነሣ፣

የካርድ ክፍል ሁለተኛ መስኮት ሠራተኛዎ

ግልባጭ፦
ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ
ለሰው ሀብት አስተዳደር፣ ምድር ቤቱን በእጅ ባትሪ ወርደው እንዲጎበኙት
ለዲሲፕሊን ኮሚቴ
በአዳራሹ ለተሰለፋችሁ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ፊት እንድቀርብ የሚያዝዘው መጥሪያ ትናንት ደርሶኛል፤ "አንብቤ ተረድቻለሁ" በሚለው ሥር እንድፈርምም ተደርጌያለሁ። ፊደሉ እንደ ወትሮው የዝንብ እግር ስለነበር፣ ዘበኛው እያየኝ ስልኬን አንሥቼ በማጉያው አንብቤ ፈረምኩ። እንግዲህ በስልክ ማጉያ ማንበብ ወንጀል ከሆነ መጥሪያውን በሕጋዊ መንገድ አላነበብኩትምና የተጠራ ሰው የለም፣ ሰኞ አልቀርብም። ማንበቤ ሕጋዊ ከሆነ ደግሞ የተከሰስኩት በሕጋዊ ነገር ነውና ክስ የለም፣ አሁንም አልቀርብም። የትኛው እንደሆነ እስኪወስኑ ሰኞ ጠዋት መስኮቴ ላይ ስልኬን ይዤ ሥራዬን እየሠራሁ እጠብቅዎታለሁ፤ ሲመጡ ግን እንደ ሰው ሁሉ ሰልፍ ይያዙ።